ጨርቅ በኤሌክትሮኒክ መቁረጫ ማሽን፦ ከስለቱ በፊት መያዣው

ጥያቄ፦ «የጨርቅ አሻንጉሊት፣ የሕፃን ጫማና ትንንሽ ቦርሳ እሰፋለሁ። ለአንድ አሻንጉሊት ብቻ ከ20 በላይ ቁራጭ በመቀስ ስለምቆርጥ የአውራ ጣቴ መገጣጠሚያ ማታ ማታ እንቅልፍ ይነሳኛል። ኤሌክትሮኒክ መቁረጫ ማሽን ልገዛ አስቤአለሁ። ልኬን የማወጣው ወረቀት ላይ በእጄ ነው፤ ኢንተርኔቴም የሚቆራረጥ ነው። የትኛውን ልምረጥ? ማሽኑ እውነት ጨርቅን ያለ ማጠንከሪያ ይቆርጣል? መቀሴንስ ልጥለው?»

ምላሽ፦

መቀስዎን አይጣሉት። የቀረውን ግን በትክክል አስበዋል። ብዙ ትንንሽና ተመሳሳይ ቁራጭ ለሚቆርጥ፣ በተለይም ጣቱ ለታመመበት ሰው፣ ይህ ማሽን ከስፌት መኪናው ቀጥሎ የሚጠቅም ረዳት ነው።

በእነዚህ ማሽኖች ጨርቅ፣ ፌልት (ሳይሸመን ተጨፍልቆ የተሠራ ጨርቅ)፣ ቆዳና ቪኒል የሚባለውን ስስ ፕላስቲክ ስቆርጥ፣ ለሌሎችም ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። ገዝተው የተቆጩ ሰዎችን ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ፤ አብዛኞቹ ስለ ስለቱ ብዙ አጥንተው፣ ጨርቁ በምን ተይዞ እንደሚቆረጥ ግን ያላሰቡ ናቸው። ጨርቅ እንደ ወረቀት ጸጥ ብሎ አይቀመጥም። ድሩ ከማጉ ላይ ይንሸራተታል፣ ሲነኩት ይሳባል፣ ሲለቁት ይሰበሰባል። ማሽኑ መቁረጥ የሚችለው ከቦታው የማይንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምነግርዎት ሁሉ፣ ስለ አመራረጥም ሆነ ስለ አጠቃቀም፣ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። ጨርቁ የሚለጠፈው አንድ ገጹ ሙጫ በተቀባ ስስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ነው። ምንጣፉን ሁለት ተሽከርካሪ ዘንጎች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወስዱታል፤ ስለቱ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ይሄዳል። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች ሲቀናጁ ክቡም፣ ጆሮውም፣ እጁም ይወጣል። ስለዚህ ጨርቅዎ ምንጣፉ ላይ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት ቁራጩ በዚያው ልክ ይዛባል። ማሽኑ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

አሁን ወደ ስለቱ። ሁለት ዓይነት ነው፤ የጥያቄዎ እምብርትም ልዩነታቸው ነው። አንደኛው የሚጎተት ስለት ነው። ጫፉ ከሚዞርበት ዘንግ መሐል በጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜ በሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ፈቀቅ ያለ ስለሆነ ወደተጎተተበት አቅጣጫ ራሱን ያዞራል፤ ልክ እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ የፊት ጎማ። ወረቀትና ቪኒል ላይ ድንቅ ነው። ያልተጠነከረ ጨርቅ ላይ ግን እንደ ማረሻ ነው፦ ክሩን ከመቁረጡ በፊት ይገፋዋል፣ ጥግ ላይ ሲዞርም ይዞት ይሄዳል። ውጤቱ የተቀደደ የሚመስል ጠርዝ ነው። ለዚህ ስለት ጨርቁ ከጀርባው በካውያ የሚጣበቅ ገበር ወይም ሙጫ ያለው ወረቀት ሊለጠፍበት ይገባል።

ሁለተኛው ክብ ስለት ነው። እንደ ትንሽ መንኮራኩር ጨርቁ ላይ እየተንከባለለ ከላይ ወደ ታች ይጫናል እንጂ አይጎትትም። ጥያቄዎን በቀጥታ ልመልስ፦ አዎ፣ በዚህ ስለት ስስ ጥጥ፣ ጂንስ፣ ሌላው ቀርቶ ሐር እንኳ ያለ ምንም ማጠንከሪያ ይቆረጣል። ግን ሻጮች ቀስ ብለው የሚያልፉት ወሰን አለው። መንኮራኩር በጠባብ ቦታ መዞር አይችልም። ክሪከት ሜከር በሚባለው ማሽን ላይ ያለው ክብ ስለት ከ19 ሚሊ ሜትር ላነሰ ቅርጽ እንዳይውል አምራቹ ራሱ ይመክራል። ከዚያ ካነሰ ጥጉ ላይ ያልፍና ከመስመሩ ውጭ ይቆርጣል፣ ምንጣፉንም ይጎዳል። የአሻንጉሊትዎ አካል፣ ክንድና እግር በክብ ስለት ይወጣሉ። ዓይን፣ አፍንጫና ጣት የሚያህሉት ግን በሚጎተተው ስለት፣ ከጀርባቸው ተጠናክረው መቆረጥ አለባቸው። እነዚህ ጥቃቅን ክፍሎች ብዙውን ጊዜ በሌላ ጨርቅ ላይ የሚለጠፉ ስለሆኑ፣ ለመለጠፊያ የሚያስፈልገው የካውያ ሙጫ ማጠንከሪያም ይሆንልዎታል። አንዱ ሥራ ሁለቱን ይሠራል።

በገበያው ላይ በብዛት የሚታወቁት ሦስት ናቸው፦ ክሪከት፣ ሲሉዌትና ብራዘር። የክሪከት ሜከር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2017 ወጣ፤ የማሽኑ መለያ ስለቱን በሞተር እየመራ የሚያዞር መሆኑና የሚጫንበት ኃይል ነው፤ እስከ 4,000 ግራም ይደርሳል ይላል አምራቹ። የዚያው ድርጅት ኤክስፕሎር የሚባለው ዝርያ አንድ አሥረኛው ኃይል ብቻ ያለው ነው፤ ስለቱንም በሞተር ስለማያዞር ክብ ስለት አይቀበልም። ስማቸው ስለሚመሳሰል በዚህ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው፤ ርካሹን ገዝተው ክቡን ስለት ለብቻው ሊገዙለት ሲሄዱ ነው እውነቱን የሚያውቁት። ሲሉዌት ካሜኦ ከ4ኛው ትውልድ ጀምሮ ክብ ስለት የሚቀበል ሁለተኛ መያዣ አለው፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት የሚቆርጡ ታላላቅ ወንድሞችም አሉት። የብራዘር ስካን ኤንድ ከት ደግሞ በውስጡ ስካነርና የራሱ ማያ ገጽ አለው። ዲ ኤክስ የሚባለው ትውልዱ የጨርቁን ውፍረት ራሱ ለክቶ የስለቱን ጥልቀት ያስተካክላል። ለስስ ጨርቅ የተለየ ስለትና በምንጣፉ ላይ የሚለጠፍ ጠንካራ ሙጫ ያለው ሉህም አለው።

ከሦስቱ አንዱ በሁሉም ነገር ይበልጣል የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት። የሚለያዩት በሥራዎ ዓይነት ነው። እርስዎ ደግሞ በጥያቄዎ ሁለት ወሳኝ ነገሮችን ነግረውኛል፤ ልክዎን በእጅ ይሥላሉ፣ ኢንተርኔትዎ ይቆራረጣል።

የክሪከት ሶፍትዌር በመሠረቱ ከኢንተርኔት ጋር የተሳሰረ ነው። በኮምፒውተር ቢሆንም የራስዎን ሥዕል አስገብቶ ለማጽዳትና ለማስቀመጥ መስመር ላይ መሆን ይጠበቅብዎታል። በመጋቢት 2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ድርጅቱ ክፍያ የማይፈጽሙ ተጠቃሚዎች በወር ከ20 ሥዕል በላይ እንዳያስገቡ ሊገድብ መሆኑን አስታውቆ ነበር። ተጠቃሚዎች አጥብቀው ስለተቃወሙ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ተወው። ይህን የማነሣው ማሽኑን ለመንቀፍ አይደለም፤ በጣም ጥሩ ማሽን ነው። ነገር ግን ገንዘብዎን ከፍለው የገዙት መሣሪያ ምን ያህል በሌላ ሰው ውሳኔ ሥር እንደሚሆን ከመግዛትዎ በፊት ማመዛዘን ይገባዎታል። የሲሉዌት ሶፍትዌር ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሆኖም ነጻው ዕትም ኤስ ቪ ጂ የሚባለውን የተለመደ የሥዕል ፋይል አይከፍትም፤ ለዚያ የሚከፈልበትን ዕትም ይፈልጋል። ብራዘሩ ግን ያለ ኮምፒውተር ይሠራል፦ ወረቀትዎን ምንጣፉ ላይ ለጥፈው ያስገቡታል፣ ያነበዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይቆርጠዋል።

ስለዚህ ለእርስዎ የምመርጠው ስካነር ያለውን ነው። ኢንተርኔትዎ አስተማማኝ ቢሆንና ንድፍ በኮምፒውተር የሚሠሩ ቢሆኑ ሜከርን እል ነበር፤ ያልተጠነከረ ጥጥ ላይ የክብ ስለቱ ጠርዝ ዓይን ይስባል። የእጅ ሥዕል ላለው ሰው ግን እያንዳንዱን ልክ ፎቶ ማንሣት፣ ማጽዳት፣ መጠኑን ማስተካከል የሚባለው ድካም መቀሱን የሚያስናፍቅ ነው። ከስካነሩ ሌላ ጥቅምም አለ። አበባ ወይም ዓሣ የታተመበትን ጨርቅ ራሱን አንብቦ በማያ ገጹ ላይ ስለሚያሳይዎት፣ የአሻንጉሊቱን ሆድ በየትኛው አበባ ላይ እንደሚያሳርፉ በዓይንዎ እያዩ ይወስናሉ። በመቀስ ጊዜ ጣትዎ ያውቀው የነበረውን ይህን ምርጫ ሌሎቹ ማሽኖች በቀላሉ አይሰጡም።

ልክዎን በስካነሩ ሲያስነብቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በቀጭን እርሳስ የተሣለ መስመር ለስካነር ደካማ ነው፤ በወፍራም ብዕር የተሣለው ደግሞ የውስጥና የውጭ ጠርዝ ስላለው ማሽኑ ሁለት መስመር አድርጎ ሊያየው ይችላል። ልኩን በጥቁር ወረቀት ቆርጠው ነጭ ላይ ይለጥፉና ያንን ያስነብቡት። አንድ ጥርት ያለ ጠርዝ ይወጣል። የስፌት ትርፉንም ማሽኑ ራሱ ሊጨምርልዎት ስለሚችል፣ ልክዎ ትርፍ ያለው ይሁን የሌለው አስቀድመው ይወስኑ። ሁለት ጊዜ ትርፍ የተጨመረበት ጆሮ ከራሱ ጋር አይገጥምም። የስለቱን ቦታ የሚተካ የብዕር መያዣም አለ፦ ከመቁረጡ በፊት የስፌቱን መስመርና የመገናኛ ነጥቦቹን ጨርቁ ላይ እንዲሥል ያድርጉ። በሙቀት የሚጠፋ ቀለም ግን ብርድ ሲያገኘው ተመልሶ ሊታይ ይችላል፤ በውኃ የሚታጠበውን ይምረጡ።

ከሌላ ሰው በኤስ ቪ ጂ ፋይል ያገኙትን ንድፍ ደግሞ ከመቁረጥዎ በፊት መጠኑን ይለኩት። ይህ ፋይል መጠኑን ብዙ ጊዜ በነጥብ እንጂ በሴንቲ ሜትር አይዝም፤ ሶፍትዌሮችም በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንዳለ አይስማሙም። አንዱ 72 ይላል፣ ሌላው 96። በ72 የተሠራ 10 ሴንቲ ሜትር ሥዕል በ96 ሲከፈት 7.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ኢንክስኬፕ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ራሱ እንደ ፈረንጆቹ እስከ 2017 ድረስ በ90 ይሠራ ነበርና በእሱ የተሠሩ የቆዩ ንድፎች በጥቂቱ ያንሳሉ፤ ዓይን አያስተውለውም፣ ሕፃን ጫማው ግን አይገባውም። ራሴ ስድስት ጥንድ የጫማ ሶል በዚህ ምክንያት አበላሽቻለሁ፤ ጨርቁ የማላገኘው ነበርና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ንድፍ ጥግ ላይ አንድ ባለ 5 ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን እጨምራለሁ፤ መጀመሪያ በወረቀት ላይ እሱን ብቻ ቆርጬ በማስመሪያ እለካለሁ።

አሁን ወደ መያዣው፣ ማለትም ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእጅዎ ወደሚሠራው ሥራ። ቆራጩ የሚለየው እዚህ ነው።

ጨርቁን አስቀድመው ይጠቡት። ጥጥ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ያጥራል፤ ያጠረውም ከተሰፋ በኋላ ከሆነ አሻንጉሊቱ ይጨማደዳል። ፈጽሞ ሳይደርቅ፣ ገና ጥቂት ርጥበት እንዳለው በካውያ ይተኩሱት። ለስስና ለሚንሸራተት ጨርቅ ስታርች ይርጩበት፤ ጨርቁ ወረቀት ወደ መምሰል ሲጠጋ ስለቱ ያመሰግንዎታል። ስታርቹ በኋላ በውኃ ይወጣል።

ከዚያ ምንጣፉ ላይ ሲያሳርፉት አይጎትቱት። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ሽብሽቡን ለማጥፋት በእጁ ይወጥረዋል። ተወጥሮ የተለጠፈ ጨርቅ ክብ ሆኖ ይቆረጥና ከምንጣፉ ሲላቀቅ ወደ ቀድሞ መጠኑ ተመልሶ እንቁላል ይሆናል። ማሽኑ ተበላሸ ብለው አገልግሎት ድረስ የሚወስዱት ሰዎች አሉ። ጨርቁን በአንድ ጠርዝ ያስይዙት፣ ቀስ ብለው ያውርዱት፣ ከመሐል ወደ ውጭ በሚንከባለል ጎማ ወይም በንጹሕ ጠርሙስ ይጫኑት። መጨማደድ ካዩ አንሥተው እንደገና ያሳርፉት። ድሩ ከምንጣፉ መስመር ጋር ትይዩ ይሁን፤ በሰያፍ የተለጠፈ ጨርቅ በቀላሉ ይለጠጣልና። በክሪከት ምንጣፍ ላይ የታተመው ፊት ወደ ታች እንዲሆን ይመከራል፤ ንድፉ ግራና ቀኝ የማይመሳሰል ከሆነ ታዲያ በሶፍትዌሩ ይገልብጡት።

ሙጫውን በጣትዎ አይንኩት። የቆዳችን ቅባት የጨርቅ ምንጣፍን ሙጫ ከስለቱም በላይ ያደክመዋል። የተቆረጠውን በወረንጦ ያንሡ። የቀሩ ክሮች ካሉ በወረንጦ ወይም በሚያጣብቅ ቴፕ ይልቀሙ እንጂ በፕላስቲክ አይፋቁ፤ ሙጫው ራሱ ተፍቆ ይወጣል። ለጨርቅ የተመደበ ምንጣፍ ላይ ወረቀት አይቁረጡበት፣ ለጨርቅ በተመደበ ስለትም እንዲሁ። ወረቀት ስለትን ያደንዛል፣ የደነዘ ስለት ደግሞ ክር ይጎትታል፤ ወደ ማረሻው ተመለስን ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ቁራጭ በሙሉ ጨርቅ ላይ አይሞክሩ። በዚያው ጨርቅ ትርፍ ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይቁረጡ። ሳያንገራግር ከተነሣ ጫናው ደኅና ነው። ጥጉ ላይ ክር ከያዘ ጫናውን በአንድ ደረጃ ይጨምሩ፣ ወይም ሁለት ጊዜ እንዲያልፍበት ያድርጉ። ምንጣፉን ራሱን ቦጭቆ ካገኙት አብዝተዋል። ለእያንዳንዱ ጨርቅ የሠራውን ቁጥር፣ የስለቱን ዓይነትና ስታርች መኖር አለመኖሩን ከአንድ ቁራጭ ናሙና ጋር በደብተር ይለጥፉት። ከአንድ ዓመት በኋላ ያ ደብተር ከማሽኑ መመሪያ ይበልጥብዎታል።

ቁራጭ ሁሉ የሚቆረጠው በአንድ ንብብር ነው። ሁለት ጨርቅ ደርቤ ጊዜ ልቆጥብ የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል፤ አይሠራም፣ የላይኛው በታችኛው ላይ ይንሸራተታል። አንድ ዓይነት ቅርጽ በመቶዎች ለሚቆርጥ ሰው የሚሻለው በእጅ የሚዞረው መጫኛ ነው፤ ቅርጹ በተሠራበት የብረት ስለት ላይ ጨርቁ ተደርቦ ያልፋል፣ ስስ ጥጥ እስከ ስድስት ንብብር ድረስ። ግን ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ ብረት መግዛት ያሻል፤ ልክዎን በየጊዜው ለሚለዋውጡት ለእርስዎ አይሆንም። በብርሃን ጨረር የሚቆርጠው ሌዘርም በሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ጠርዙን አቅልጦ ስለሚዘጋው ያምራል፤ ጥጥን ግን ጠርዙን ያጠቁረዋል፣ ጭሱም ማስወጫ ይፈልጋል። ቪኒል የሚባለው ፒ ቪ ሲ ደግሞ በሌዘር ሲቃጠል ሳንባንም ማሽንንም የሚጎዳ የአሲድ ጋዝ ያወጣልና ፈጽሞ አይሞከር።

ስፋቱንም አይርሱ። የተለመደው ምንጣፍ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በ30 ነው፤ ረጅሙ 30 በ60። ለአሻንጉሊትና ለሕፃን ጫማ ይበቃል። የትልቅ ቦርሳ ጎን ግን አይገባም፤ ቀጥ ያለ ረጅም መስመር በእጅ ክብ ቢላዋና በማስመሪያ መቁረጥ ከማሽኑም ይፈጥናል፣ አውራ ጣትንም ያሳርፋል።

ፌልት ብዙ አያስቸግርም፤ ከሱፍ የተሠራው ከሰው ሠራሹ ይልቅ ጠርዙ ጥርት ይላል። በካውያ የሚለጠፍ ቪኒል ላይ ስም የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ አንጸባራቂው ፕላስቲክ ወደ ታች፣ ፊደሉ ተገልብጦ፣ ቪኒሉ ብቻ እንጂ ፕላስቲኩ ሳይቆረጥ። የኛ ፊደል ብዙ ጥቃቅን ቀለበትና እግር ስላለው ቁመቱን ከ2 ሴንቲ ሜትር አያሳንሱት፤ «ጫ» እና «ኋ» ሲለቀሙ ይበጠሳሉ።

ለአሻንጉሊት ፀጉር የሚሆነውን ረጅም ጠጉር ያለውን ጨርቅ ግን ማሽኑ ውስጥ አያስገቡት። ጠጉሩ በዘንጎቹ ይጠመጠማል፣ ከምንጣፉም አይጣበቅም። እሱን ጀርባውን ወደ ላይ ገልብጠው፣ መስመሩን በብዕር ሥለው፣ በስለታም ቢላዋ ጫፍ የጨርቁን መሠረት ብቻ ይቁረጡ። ጠጉሩ ሳይነካ ይለያያል። ለጥቂቱ ቀሪ ሥራ ደግሞ በሽቦ ጥቅል ራሱን የሚከፍት መቀስ ይግዙ፤ መዝጋት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት፣ አውራ ጣትዎ መክፈቱን ያርፋል።